ለተቆረጠ ሥር የተገኘ ምግብ፦ ቪታሚንና ሆርሞን ለአትክልት ዕድገት ይረዳሉን?

በግብርና ሙያ የተሰማራ ሰው በሥራ ዘመኑ ደጋግሞ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ አጭርና ቀላል መስሎ ይታያል። በግቢዋ ጽጌረዳ የተከለች እመቤትም፣ የቡና ችግኝ የሚያፈላ ገበሬም፣ ጎመንና ሰላጣ አምርቶ ለገበያ የሚያቀርብ አትክልተኛም፣ «ለሕፃን ቪታሚን ሲሰጠው እንደሚፋፋ ሁሉ ለተክልስ ቢሰጠው አይፋፋምን?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ከዚህ በታች እንደምንመለከተው፣ በዘመኑ ከታወቁት የዕፅዋት ሊቃውንት አንዱ ይህንኑ ጥያቄ በቤተ ሙከራው ጠይቆ፣ በመጀመሪያ «ይረዳል» የሚል መልስ ካገኘ በኋላ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በራሱ ብዕር «በተግባር አይረዳም» ሲል አርሞታል። የመጀመሪያው መልስ በዓለም ተሰራጨ፤ እርማቱ ግን ከሊቃውንት መጽሔቶች ብዙም ሳይወጣ ቀረ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ ከመነሻው አንሥቶ መተረክ፣ ከዚያም ለእኛ ለባለሙያዎች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

ከጃቫ ዶሮዎች እስከ ታያሚን

የቪታሚን ታሪክ የሚጀምረው ከሆላንዳዊው ሐኪም ከክርስቲያን አይክማን ነው። ይህ ሰው በጃቫ ደሴት ቤሪቤሪ የተባለውን እግርን የሚያዝልና ልብን የሚያደክም በሽታ ሲመረምር፣ በግቢው የነበሩት ዶሮዎች ተመሳሳይ ሕመም እንደ ያዛቸው አስተዋለ። ዶሮዎቹ ይመገቡ የነበረው ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ነበር። ያልተፈተገ ሩዝ ሲሰጣቸው ግን ዳኑ። አይክማን ይህን ውጤት በ1897 አሳተመ። ሥራውን የተረከበው ሄሪት ህሬንስ በ1901 ነገሩን በትክክል ተረጐመው፤ ይኸውም በሽታው የሚመጣው ሩዙ ውስጥ መርዝ ስላለ ሳይሆን፣ ሲፈተግ ከቅርፊቱ ጋር የሚወገድ አንድ አስፈላጊ ነገር ስለሚጐድል ነው አለ። በ1912 ፖላንዳዊው ካሲሚር ፉንክ እንዲህ ላሉት ነገሮች ሁሉ «ቪታሚን» የሚለውን ስም አወጣላቸው። በ1926 ያንሰንና ዶናት የተባሉ ሁለት ሆላንዳውያን ከሩዝ ቅርፊት የቪታሚን ቢ አንድን ንጹሕ ብሎር አወጡ። በ1936 ደግሞ አሜሪካዊው ሮበርት ዊሊያምስ ከባልደረባው ጋር ቪታሚኑን በቤተ ሙከራ ሠራው። ስሙም ታያሚን ተባለ።

የ1936ቱ ሥራ ለታሪካችን ልዩ ትርጉም አለው። ከዚያ በፊት ጥቂት ሚሊግራም ለማግኘት ብዙ የሩዝ ቅርፊት ማጠብና ማጣራት ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ፋብሪካዎች ቪታሚኑን በብዛት ለማምረት ቻሉ። ርካሽ ሆኖ በእጅ የገባ ነገር አዲስ አገልግሎት መፈለጉ ደግሞ አይቀርም።

ከአጃ ቡቃያ ጫፍ የተገኘው መልእክተኛ

ሁለተኛው የታሪክ መሥመር የሆርሞን ነው። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሣር ቡቃያ ወደ ብርሃን የሚያጐነብሰው ጫፉ ብርሃኑን ስለሚያይ መሆኑን፣ የሚታጠፈው ግን ከጫፉ በታች ያለው ክፍል መሆኑን አስረዳ። እንግዲያውስ ከጫፉ ወደ ታች የሚላክ አንዳች መልእክት መኖር አለበት ማለት ነው። ዴንማርካዊው ቦይሰን የንሰንና ሀንጋሪያዊው ፓል ከ1910 እስከ 1919 ባሉት ዓመታት ባደረጉት ሙከራ መልእክቱ ፈሳሽ ውስጥ ሊያልፍ የሚችል ንጥረ ነገር መሆኑን አመለከቱ።

ነገሩን በእጅ ጨብጦ ያሳየው ግን ወጣቱ ሆላንዳዊ ፍሪትስ ቬንት ነው። ቬንት በ1926 በዩትሬክት ከተማ የአጃ ቡቃያዎችን ጫፍ እየቆረጠ፣ ከባሕር ሣር በሚሠራና አጋር በሚባል የረጋ ነገር ላይ አስቀመጣቸው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጫፎቹን አንሥቶ፣ አጋሩን በትናንሹ ቆራርጦ፣ ጫፉ በተቆረጠ ሌላ ቡቃያ ላይ በአንድ ጐን አሳረፈው። ቡቃያው ጫፍ ሳይኖረው ወደ ሌላው ጐን ታጠፈ። የመታጠፉም ልክ በአጋሩ ውስጥ ከገባው ንጥረ ነገር መጠን ጋር ተያይዞ ተገኘ። ንጥረ ነገሩ ኦክሲን ተባለ። በ1934 ኮግልና የሥራ ጓደኞቹ ከሰው ሽንት ያወጡት ኢንዶል አሴቲክ አሲድ፣ ቆይቶ እንደ ታወቀው፣ የዕፅዋት ዋነኛው ኦክሲን ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነጥብ አለ። ሆርሞን ምግብ አይደለም። በአንድ የተክል ክፍል ተሠርቶ፣ ወደ ሌላው ክፍል ተጉዞ፣ በጣም በጥቂት መጠን ሥራ የሚያዝ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛን ማብዛት ደግሞ ሥራውን ማብዛት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜም ትእዛዙን ማደናገር ነው።

ሁለቱ መሥመሮች ሲገናኙ

በ1930ዎቹ የሆርሞን ምርምር አንዱ ማዕከል በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር፣ በፓሳዴና ከተማ የሚገኘው የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። ኬኔት ቲማን እዚያ ሠርቷል፤ ቬንትም ከ1933 ጀምሮ ወደዚያው ተዛውሯል። ከእነርሱ ጋር በሆርሞን ጥናት የሠለጠነው ጄምስ ቦነር፣ በ1910 የተወለደ ወጣት ተመራማሪ ነበር።

በዚያ ዘመን ሊቃውንቱን ያስጨንቃቸው ከነበሩት ጥያቄዎች አንዱ፣ ከተክሉ ተቆርጦ የተለየ ሥር በጠርሙስ ውስጥ ብቻውን ሊኖር ይችላልን? የሚል ነበር። ኦስትሪያዊው ሀበርላንት በ1902 የተነጠለ የዕፅዋት ሕዋስ ለማሳደግ ሞክሮ አልተሳካለትም። በ1934 ግን አሜሪካዊው ፊሊፕ ዋይት የተቆረጠ የቲማቲም ሥር ጫፍ ማዕድን፣ ስኳርና የእርሾ ጭማቂ ባለበት ውሃ ውስጥ ማቋረጫ በሌለው ሁኔታ ሊያድግ እንደሚችል አሳየ። ማዕድንና ስኳሩ የታወቀ ነው፤ በእርሾው ውስጥ ያለው ምስጢር ግን ምን ይሆን?

መልሱ በ1937 ከሦስት ቦታ መጣ። ዋይት ራሱ፣ ዊልያም ሮቢንስ ከሜሪ ባርትሊ ጋር፣ እንዲሁም ቦነር በፓሳዴና በየበኩላቸው ሲመረምሩ፣ ሦስቱም የእርሾው ምስጢር በዋነኛነት ታያሚን መሆኑን አገኙ። የቦነር ሙከራ የተደረገው በአተር ሥር ላይ ነበር። ቪታሚኑ ከሌለ ሥሩ ጥቂት ቆይቶ ዕድገቱን ያቆማል፤ ቪታሚኑ ሲጨመርለት ይቀጥላል። ይህ ውጤት እውነት ነው፤ እስከ ዛሬም አልተሻረም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ታያሚን በሕዋስ ውስጥ ስኳር ተቃጥሎ ኃይል በሚሆንበት ሂደት የሚሠሩ ኢንዛይሞች ረዳት ነው። ያለ እርሱ እንስሳም ሆነ ተክል ሊተነፍስ አይችልም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እኛ ታያሚንን መሥራት ስለማንችል ከምግባችን እንቀበለዋለን፤ አረንጓዴ ተክል ግን ራሱ ይሠራዋል። የአተሩ ሥር ቪታሚን ያስፈለገው ከቅጠሉ ስለተለየ ነበር። በመሆኑም ለሰው ቪታሚን የሆነው ነገር ለተክል እንደ ሆርሞን ያለ ነው፤ በቅጠል ተሠርቶ ወደ ሥር የሚላክ ስንቅ ማለት ነው። ቦነር በተከታዮቹ ዓመታት ይህንኑ የታያሚን ጉዞ በቲማቲም ተክል ላይ በሙከራ ተከታትሎታል።

ከቤተ ሙከራ ወደ ጓሮ

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ታሪኩ ንጹሕ የሳይንስ ታሪክ ሆኖ በቀረ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ተከተለ። ሥር ታያሚን የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ለራሱ የሚበቃውን ያህል መሥራት የማይችል ሙሉ ተክልስ አይኖርምን? ቦነርና ጄሲ ግሪን የተባለው የሥራ ጓደኛው በ1938ና በ1939 ባሳተሟቸው ጽሑፎች እንዲህ ያሉ ተክሎች እንዳሉ ገለጹ። ኮስሞስ የተባለው አበባና ሌሎችም ተክሎች በጣም ቀጭን የቪታሚን ውሃ ሲጠጡ የተሻለ ዕድገት አሳይተዋል ተባለ። ሁሉም ተክል እንዲህ እንደማይሆን፣ ለራሳቸው የሚበቃ ቪታሚን የሚሠሩ ተክሎች ምንም ለውጥ እንዳላሳዩም ያው ጽሑፍ ይናገራል።

በሊቃውንት መጽሔት የወጣው ጥንቁቅ ቃል ወደ ሕዝብ ሲወርድ ሌላ መልክ ያዘ። በታኅሣሥ 1939 «ቤተር ሆምስ ኤንድ ጋርደንስ» የተባለው ብዙ አንባቢ ያለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ቪታሚን ቢ አንድ ባወጣው ጽሑፍ፣ እምቡጡ አምስት ኢንች የሆነ ጽጌረዳና የሰላጣ ሳህን የሚያክል የናርሲስ አበባ ስለ መገኘቱ አወራ። አንባቢው ተነቃነቀ። የጓሮ አትክልት የሚወድ ሁሉ ቪታሚን ፍለጋ ወደ መድኃኒት ቤትና ወደ ዘር ሻጭ ሮጠ። ነጋዴዎችም ቪታሚኑን በዱቄት፣ በክኒንና በፈሳሽ እያዘጋጁ አቀረቡ። በ1940 የጸደይ ወራት «ቢ አንድ» ለብዙ አሜሪካውያን የአትክልተኝነት ሌላ ስም ሆኖ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሰው ልብ ያለው ዝግጁነትም ለዚህ ረድቷል። ቪታሚን በዚያ ዘመን የተአምር ስም ነበር። ሽባ ሆነው የተኙ ዶሮዎች በአንድ ጠብታ ተነሥተው ሲሄዱ ታይቷል፤ በቤሪቤሪ የተያዙ ሰዎችም ድነዋል። ተአምር ያየ ዓይን ሁለተኛ ተአምር ለማየት አይቸገርም።

የመስክ ፍርድ

የዩኒቨርሲቲና የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች በደብዳቤ በተጠየቁ ቁጥር አንድ ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ መሞከር ጀመሩ። ሃምነር የተባለ ተመራማሪ ቦነር የሠራበትን ያንኑ ኮስሞስ ወስዶ በ1940 ባሳተመው ጥናት ታያሚን መጨመሩ ዕድገቱን እንዳላሻሻለ አሳየ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል አርኖን ስለ አረንጓዴ ተክሎችና ስለ ቪታሚኑ ባቀረበው ጽሑፍ ወደ ተመሳሳይ መደምደሚያ ደረሰ። ሌሎች ጣቢያዎችም ተከተሉ። ቪታሚን በጠጣው መደብና ንጹሕ ውሃ ብቻ በጠጣው መደብ መካከል፣ ሌላው ሁኔታ ሁሉ እኩል ሲሆን፣ እምነት የሚጣልበት ልዩነት አልታየም።

ቦነር ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር በእኛ ሙያ ውስጥ ዘወትር ሊነገር የሚገባው ነው። የሌሎቹን ውጤት ለማስተባበል አልተነሣም። ሙከራውን ደጋገመ፤ የመጀመሪያውን ውጤት እንደገና ለማግኘት አልቻለም። በ1940ዎቹ መጀመሪያም ለሙሉና ጤናማ ተክል ታያሚን መጨመር በአትክልትም ሆነ በሰብል ልማት ጥቅም ያለው ቦታ እንደሌለው በማያሻማ ቃል ጻፈ። ስሙን ያስጠራውን ነገር በገዛ ብዕሩ መልሶ ማፍረስ ለማንም ቀላል አይደለም። ቦነር ግን ከዚያ በኋላ በዕፅዋት ሥነ ሕይወት ረጅም የሥራ ዘመን ኖሮታል፤ እውነት ለመናገሩ ያጣው ክብር የለም።

ስሕተቱ ምን ላይ ነበር?

የመጀመሪያው ሙከራ ሐሰት አልነበረም። ስሕተቱ የተፈጠረው ከአንድ እውነት ወደ ሌላ ነገር በተደረገው ዝላይ ላይ ነው። የተቆረጠ ሥር ቅጠል የለውም፤ ስለዚህ ይጐድለዋል። ሙሉ ተክል ቅጠል አለው፤ ስለዚህ አይጐድለውም። ለወላጅ አልባ ሕፃን የሚሰጥ ወተት እናቱ ጡት ለምታጠባው ሕፃን የግድ አያስፈልገውም፤ ሁለቱም ሕፃናት መሆናቸው ብቻ አንድ አያደርጋቸውም።

ሁለተኛው ነጥብ አፈርን ይመለከታል። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ፍጥረታት ራሳቸው ታያሚን ይሠራሉ፤ ፍግና ብስባሽም በውስጣቸው ይይዙታል። ስለዚህ በጠርሙስ ገዝቶ የሚያፈስ ሰው ከወንዝ ዳር ቆሞ ወንዙን በጣሳ እንደሚሞላ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ንጽጽር ነው። ጥሩ አትክልተኛ አዲስ ነገር ሲሞክር ያንን መደብ ከወትሮው የበለጠ ይጠብቀዋል፤ በሰዓቱ ያጠጣዋል፤ አረሙን ቶሎ ይነቅላል። ከአበባው ጋር የሚያወዳድረው ሌላ መደብ ስለማያስቀር፣ እጁ ያመጣውን ለጠርሙሱ ይሰጠዋል። ከዚህም በላይ በገበያ የሚቀርቡት ብዙዎቹ ድብልቆች ከቪታሚኑ ሌላ ማዳበሪያ ወይም የኦክሲን ዘር ይኖራቸዋል። ተክሉ ናይትሮጅን ጐድሎት ከነበረና ናይትሮጅን ካገኘ ይለመልማል፤ ምስጋናው ግን በጠርሙሱ ላይ በትልቁ ለተጻፈው ስም ይሆናል።

ሆርሞን የሚረዳበትና የሚጐዳበት

አንባቢ፣ «ቪታሚኑስ ይሁን፤ ሆርሞኑስ?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። የሆርሞን ታሪክ ከቪታሚኑ ይለያል፤ ምክንያቱም እውነተኛ ጥቅም ያስገኘበት ቦታ በግልጽ ይታወቃል። በ1934ና በ1935 ቲማን፣ ቬንትና ሌሎችም ኦክሲን ከቁርጥራጭ ግንድ ላይ ሥር እንዲወጣ እንደሚያደርግ አሳዩ። በ1935 ዚመርማንና ዊልኮክሰን በአሜሪካ ቦይስ ቶምሰን ኢንስቲትዩት ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድና ናፍታሊን አሴቲክ አሲድ የተባሉት ሰው ሠራሽ ኦክሲኖች በዚህ ሥራ ብርቱ መሆናቸውን አረጋገጡ። ዛሬ በመላው ዓለም አበባና ዛፍ በቁርጥራጭ የሚያባዙ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ዱቄት ከዚህ ግኝት የመጣ ነው። ለለጋ ቁርጥራጭ በሚሊዮን 1000 እጅ ያህል፣ ለደረቀው እንጨት ደግሞ እስከ 8000 እጅ የሚደርስ ይቀመማል።

ይህ ለምን ሠራ? መልሱ ከቀድሞው ጋር አንድ ነው። ቁርጥራጭ ግንድ ሥር የሌለው፣ የጐደለው ነገር ነው። በጐደለበት ቦታ፣ በሚፈለግበት ሰዓት፣ በሚገባው መጠን ሲሰጠው ይረዳዋል። ሥር አውጥቶ ለተተከለ ጤነኛ ችግኝ ያንኑ ዱቄት መስጠት ግን ጥቅም የለውም፤ መጠኑ ከበዛ ደግሞ ያቃጥለዋል።

የመጠን ነገር እንዴት ያለ መሆኑን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየን ገበሬያችን «ቱ ፎር ዲ» የሚለው ፀረ አረም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በእንግሊዝና በአሜሪካ በምስጢር የተጠናውና ከ1945 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ይህ ኬሚካል፣ በባሕርዩ ሰው ሠራሽ ኦክሲን ነው። በጤፍና በስንዴ ማሳ ውስጥ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች የሚገድላቸው ዕድገታቸውን በመከልከል ሳይሆን በማወክ ነው። አረሙ ይጣመማል፤ ግንዱ ያብጣል፤ በሥርዓት አልባ ዕድገት ይሞታል። ስለዚህ «የዕድገት ሆርሞን» የሚለው ቃል በራሱ በጎ ነገርን አያመለክትም።

ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሌላ ምሳሌም አለ። በ1926 ኩሮሳዋ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ በታይዋን ሲሠራ፣ አንድ ሻጋታ የሚያመነጨው ነገር የሩዝ ቡቃያን ከመጠን በላይ እንደሚያስረዝም አስረዳ። ገበሬዎቹ እንዲህ ያለውን ቡቃያ «ጅል ቡቃያ» ይሉታል፤ ከእኩዮቹ በላይ ይመዘዛል፣ ግን ቀጫጫና ደካማ ሆኖ ፍሬ ሳይሰጥ ይወድቃል። ያቡታ በ1935 ያንን ነገር ጂበረሊን ብሎ ሰየመው። ዛሬ ጂበረሊን ለምሳሌ ዘር አልባ ወይንን ለማወፈር በጥንቃቄ ያገለግላል። ለጓሮ አትክልተኛ የሚሰጠው ትምህርት ግን «ረዘመ» ማለት «አደገ» ማለት አለመሆኑ ነው።

ያለ ጠርሙስ የሚሠራ ሆርሞን

በዚህ ጉዳይ ላይ የአገራችን ገበሬ ከማንም ሳይማር የሚያውቀው ነገር አለ። እንሰት በሚበቅልባቸው በጉራጌ፣ በሲዳማና በሌሎችም አካባቢዎች ገበሬው እንሰትን ሊያባዛ ሲፈልግ፣ ዕድሜው ገና የሆነውን ተክል ከአሚቾው ጥቂት ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ መካከሉ ላይ ያለውን የዕድገት እምቡጥ ፈልፍሎ ያወጣል፤ ከዚያም በአፈርና በፍግ ይቀብረዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንዱ አሚቾ ዙሪያ በአሥሮች የሚቆጠሩ ችግኞች ይወጣሉ። እምቡጡን ሳያወጣ ቢተወው ኖሮ አንዳቸውም ባልወጡ ነበር።

የዚህን ምክንያት ቲማንና ፎልኬ ስኩግ በ1933ና በ1934 በባቄላ ላይ አሳይተውታል። የባቄላውን ጫፍ ሲቆርጡት የጐን እምቡጦቹ ነቅተው አደጉ። በተቆረጠው ጫፍ ፋንታ ኦክሲን የያዘ አጋር ሲያስቀምጡበት ግን እምቡጦቹ ተኝተው ቀሩ። የላይኛው እምቡጥ በሚልከው ሆርሞን የበታቾቹን ያስተኛቸዋል ማለት ነው። ዛሬ ነገሩ ከዚያ የረቀቀ መሆኑ ታውቋል። በ2008 የታተሙ ጥናቶች፣ የአቀንጭራን ዘር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሱት ስትሪጎላክቶን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ቅርንጫፍን በመከልከልም ድርሻ እንዳላቸው አረጋግጠዋል። መሠረቱ ግን የቲማንና የስኩግ ነው። ያረጀ ቡና የሚጐነድል ገበሬም ይህንኑ የሆርሞን ሥርዓት ያዝዘዋል። በቢላዋና በመጋዝ የሚያዝዘው መሆኑ ሳይንሱን አያሳንሰውም።

የቪታሚኑ እውነተኛ ቦታ

ታያሚንስ ምን ቦታ አገኘ? የተገኘበትን ቦታ አገኘ፤ ጠርሙስ ውስጥ። ሙራሺጌና ስኩግ በ1962 ያወጡት የሕብረ ሕዋስ ማሳደጊያ ቀመር በአንድ ሊትር 0.1 ሚሊግራም ታያሚን አለው። በ1965 ሊንስማየርና ስኩግ ባደረጉት ማሻሻያ ሌሎቹ ቪታሚኖች ሲቀነሱ ታያሚን ግን ወደ 0.4 ሚሊግራም ከፍ ብሎ ቀረ። በአገራችን በጅማና በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከላት እንደሚሠራው፣ ከበሽታ ነጻ የሆነ ችግኝ በሕብረ ሕዋስ ዘዴ ሲባዛ የሚያገለግለው ሳይንስ ከእነዚህ ቀመሮች ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የ1937ቱ ግኝት አልባከነም። የባከነው በተሳሳተ ቦታ የፈሰሰው ነው።

ለእውነት ስንል አንድ ነገር እንጨምር። በ2005 የኮሪያ ተመራማሪዎች ታያሚን የተረጨባቸው እንደ ሩዝ ያሉ ተክሎች በሽታን የመከላከል ኃይላቸው እንደሚነቃ በሙከራ አሳይተዋል። ይህ ጥናት ሊከታተሉት የሚገባ ነው። ነገር ግን የሚናገረው ስለ በሽታ መከላከል እንጂ አበባን ሳህን ስለ ማሳከል አይደለም። ያንኑ የ1939 ዝላይ እንደገና እንዳንዘል ልንጠነቀቅ ይገባል።

ለጠያቂው ምን እንመልስ?

ቦነር ራሱ ካረመው ከ80 ዓመት በላይ አልፏል። ሆኖም ችግኝ ሲዛወር እንዳይደነግጥ ይረዳል እየተባለ ቪታሚን ቢ አንድ ያለበት ፈሳሽ በአሜሪካ ዛሬም ይሸጣል። ስሕተት የሚስፋፋበት ፍጥነትና እርማት የሚከተልበት ፍጥነት እኩል አይደሉም። ይህን ክፍተት የሚሞላ ሰው ከሌለ ክፍተቱ ይኖራል፤ ሰውየውም እኛ ነን።

ስለዚህ ለጠያቂዋ እመቤትም ሆነ ለገበሬው መልሳችን «አይረዳም» በሚለው ቃል ብቻ ሊያበቃ አይገባም። መልሰን መጠየቅ አለብን። ተክሉ የጐደለው ምንድን ነው? ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ሊቢኽ እንዳስፋፋው ሕግ፣ ዕድገትን የሚወስነው በብዛት ያለው ነገር ሳይሆን ከሁሉ ያነሰው ነው። ውሃ ከሆነ ውሃ ይሰጠው። ፎስፎር ወይም ናይትሮጅን ከሆነ አፈሩ ተመርምሮ እርሱ ይሰጠው። አፈሩ ጐምዝዞ ከሆነ ኖራ ይጨመርበት። ሥሩ አየር ካጣ መደቡ ይቆፈር፤ ውሃ ካቈረ ይጥፈፍ። ቁርጥራጭ ለማብቀል ከሆነ ኦክሲን በልኩ ይነካ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ስለ ጠርሙሱ ጥርጣሬ ቢቀር ደግሞ አንድ መደብ በጠርሙሱ፣ ሌላ መደብ በንጹሕ ውሃ ብቻ ጐን ለጐን ይተከሉ፤ እኩል ይጠበቁ፤ ፍሬውም ይመዘን። ሃምነር በኮስሞስ ያደረገው ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ማንም ገበሬ በጓሮው ሊያደርገው ይችላል።

ገንዘቡ የራሱ ስለሆነ ይሞክረው ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን በጠርሙሱ ላይ የወጣው ገንዘብ በብዙ ቤት የዘር፣ የማዳበሪያ ወይም የልጅ ደብተር ገንዘብ ነው። ከገንዘቡም የሚብሰው ሌላ ነው። በባለሙያ ምክር ገዝቶ ያልተጠቀመ ገበሬ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው ባለሙያ እውነተኛውን የተሻሻለ ዘር ይዞለት ሲመጣ አያምነውም። ቦነር የራሱን ቃል ሲያርም የጠበቀው ይህንን እምነት ነው። እኛም ልንጠብቀው የሚገባን ይኸው ነው።